ሕፃን ታቅፎ በባሕር ስለ መጓዝ

አባት፦ ጋሼ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችን በፊት ምክርዎን ለመስማት ብለን ነው በእሑድ ዕረፍትዎ ያስቸገርንዎ። በግንቦት ወር ከባልቲሞር ወደብ ተነሥቶ፣ ቤርሙዳ ደርሶ፣ ሰባት ሌሊት አድሮ በሚመለሰው መርከብ ላይ ለሦስት ሰው ቦታ ይዘናል፤ ሦስተኛዋም ያን ጊዜ ዘጠኝ ወር ሊሞላት ጥቂት የሚቀራት ልጃችን ናት። ወጣትነትዎን በባሕር ላይ ያሳለፉ ሰው እንደ መሆንዎ፣ ደስታችንን አስቀድመን ለእርስዎ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ባሕረኛው፦ ደስታችሁን እወድላችኋለሁ፤ ምክር ከተባለ ግን ቅር የሚያሰኝም ቢሆን እናገራለሁ። እኔ ባሕርን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከባችን ላይ ቆሜ፣ በምጽዋ ፀሐይ ስትወጣ ያየሁት ብርሃን፣ አገሬን ባሰብሁ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ልቡናዬ የሚመጣ ነውና፣ የምለውን ሁሉ ከፍርሃት የመነጨ አድርገህ አትቁጠረው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጉዞ የማን ነው? ልጂቱ ቤርሙዳን ከምትኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ለይታ የማታውቅ፣ ዓለሟ ሁሉ የእናቷ ጡትና የአባቷ ድምፅ የሆነ ሕፃን ናት። ለእርስዋ ባሕሩም የብሱም አንድ ከሆነ፣ ተድላው የእናንተ፣ አደጋው የእርስዋ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ክፍፍል ደግሞ ለእኔ ፍትሐዊ ሆኖ አይታየኝም።

አባት፦ ሕፃን የማያስታውሰው ነገር ሁሉ ለሕፃን የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ማንሣታችንም ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። በዚያ ቀን እርስዎም ከእኛ ጋር ቆመው ነበር፤ ልጂቱ ውኃው ሲነካት አለቀሰች እንጂ የሚደረግላትን አላወቀችም፤ ሆኖም ከመካከላችን «እስክታውቅ ድረስ ትቆይ» ያለ ማንም አልነበረም።

ባሕረኛው፦ ምሥጢረ ጥምቀትን ከመርከብ ግብዣ ጋር በአንድ ሚዛን አታስቀምጥ፣ ልጄ። ጥምቀት ጸጋ ነው፤ ተቀባዩ ባያውቀው ሰጪው ያውቀዋል፤ ሰጪውም የማይሳሳት ነው። መርከቡን የሚሰጥህ ግን ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ሸቀጡ መልካም ቢሆን እንኳ፣ የልጅህን ነገር ከአንተ በላይ ሊያስብልህ አይችልም።

አባት፦ ልክ ነዎት፤ ምሳሌዬ ከልኩ አልፏል፤ አንሥቼዋለሁ። ነገር ግን ሕፃን ታቅፎ መንገድ መውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፣ በወርኃ ጽጌ፣ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚታሰበው ልጇን ታቅፋ የግብፅን በረሃ ያቋረጠችው እናት ስደት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የቤት ውስጥ ሕፃን ብቻ ሳይሆን የመንገድ ሕፃንም ታውቃለች ማለቴ ነው።

ባሕረኛው፦ ይህን ካነሣህ ዘንዳ እስከ መጨረሻው አንሣው። እመቤታችን የወጣችው ሄሮድስ ስላሳደዳት ነው። የሙሴም እናት ልጇን በደንገል ሣጥን አድርጋ በዓባይ ወንዝ ዳር ያኖረችው፣ ሣጥኑን በዝፍት የለቀለቀችው፣ እኅቱም በሩቅ ቆማ ያየችው፣ በቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሞት ስለ ነበረ ነው። በአበው ታሪክ ሕፃን በውኃ ላይ የሚወጣው፣ ከውኃው የባሰ ነገር በየብስ ሲገኝ ነው። እናንተን ከሲልቨር ስፕሪንግ ያሳደዳችሁ ማን ነው?

አባት፦ ያሳደደን የለም ልል ነበር፤ ባለቤቴ ግን ዐይን ዐይኔን አየችኝና ተውሁት። ለዚህ መልሱ የእርስዋ ነውና ጊዜው ሲደርስ ትናገር። እኔ የማውቀውን ልናገር። ይህ መርከብ የደንገል ሣጥን አይደለም፤ ርዝመቱ ወደ 280 ሜትር የሚጠጋ፣ እርስዎ ካገለገሉባት ከ«ኢትዮጵያ» ሦስት እጥፍ ያህል የሚረዝም ነው፤ ከወገቡ በታች በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጉ ማረጋጊያዎች አሉት። የመርከብ ኩባንያዎቹም ያለ ወሰን አይቀበሉም፤ አብዛኞቹ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን አያሳፍሩም፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥና በተከታታይ ብዙ ቀን ወደብ ለማይነካ ጉዞ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ወር ይጠይቃሉ። ትርፍ የሚፈልግ ነጋዴ እንኳ ከደጁ ላይ ይህን ያህል ወሰን ካኖረ፣ ከወሰኑ በላይ የሆነችውን ልጅ በሰላም አደርሳታለሁ ብሎ አምኗል ማለት ነው።

ባሕረኛው፦ እኔ ደግሞ ያንኑ ወሰን የማነበው በተገላቢጦሽ ነው። ገንዘብ የሚወድ ሰው ገንዘብ ይዞ የመጣውን ከበሩ ላይ የሚመልሰው፣ ያስፈራው ነገር ስላለ ነው። ያስፈራውን ነገር ልንገርህ። ከባልቲሞር የሚነሣ መርከብ ወዲያው ወደ ባሕር አይገባም፤ ከፓታፕስኮ ወንዝ ወጥቶ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ያ ሌሊት ለልጂቱ እንደ ቤቷ አልጋ ነው፤ ውኃው ጥልቀት የሌለው፣ ዳርና ዳሩ የሚታይ፣ የዋህ ነው። በማግሥቱ ግን ከባሕረ ሰላጤው አፍ ወጥታችሁ፣ ከደቡብ የሚመጣውን ሞቃት የውቅያኖስ ፈሳሽ ታቋርጣላችሁ፤ እርሱ ከሰሜን ነፋስ ጋር ሲጋጭ የሚያነሣውን ሞገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ እስከ ቤርሙዳ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መርከቡ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ስትሆኑ ወደ ፊትም ወደ ኋላም 15 ሰዓት ያህል ይቀራችኋል። ሄሊኮፕተርም ከዳርቻ የሚርቀው በነዳጁ ልክ ነው። እንግዲህ ልጂቱ በዚያ ሌሊት ትኩሳት ይዟት፣ የሚያማትን ሥፍራ መናገር የማትችል፣ ማልቀስ ብቻ የምታውቅ ሆና ስታድር፣ እነዚያ 15 ሰዓታት ስንት ሰዓት እንደሚሆኑ አስበሃል?

አባት፦ አስቤአለሁ፤ ከዚያም ሌላ ሌሊት ትዝ አለኝ። ስንቶቻችን ነን አራት ወር፣ አምስት ወር የሆነው ሕፃን ታቅፈን፣ ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን፣ 13 ሰዓት ያህል በአየር ላይ ቆይተን አዲስ አበባ የምንወርደው? በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ሐኪም የለም፤ መርፌ ቤት የለም፤ አስተናጋጆቹ «ከመካከላችሁ ሐኪም አለ ወይ?» ብለው ከመጠየቅ በቀር የሚያደርጉት ብዙ አይደለም። በመርከቡ ላይ ግን መዓልትና ሌሊት የሚጠሩ ሐኪምና ነርሶች፣ ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የላቦራቶሪ መመርመሪያ አለ። ሆኖም ለአዲስ አበባው ጉዞ ሁሉም ሰው «በሰላም ግቡ» ብሎ ይሸኘናል፤ ለመርከቡ ጉዞ ግን ፊቱን ያጠቁራል።

ባሕረኛው፦ ይህ ብርቱ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛው፣ አውሮፕላን ሲጨንቀው ባቅራቢያው ባገኘው ማረፊያ ይወርዳል፤ መርከብ በመካከለኛው መንገድ ላይ የሚወርድበት የለውም። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው፣ አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቃት አያት አለ። አንዲት እናት የልጇን ልጅ ሳታይ እንዳትሞት ብሎ መከራ መቀበልና፣ ሰማያዊ ውኃ ለማየት ብሎ መከራ መቀበል አንድ አይደሉም። አደጋ የሚመዘነው በአደጋው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በምክንያቱም ክብደት ጭምር ነው። በመርከቡ ያለው ሐኪምም የድንገተኛ ሐኪም እንጂ የሕፃናት ሐኪም አይደለም።

አባት፦ የእኛስ የሕፃናት ሐኪም በሌሊት ስልክ አይደለም ወይ? በጥር ወር ጉንፋን ይዟት ሲያስላት ያደረች ጊዜ፣ ከመስመሩ ማዶ ያገኘሁት የአንዲት ነርስ ድምፅ ነበር፤ «እስኪነጋ ይጠብቁ» አለችኝ።

ባሕረኛው፦ አዎን፤ ከነጋ በኋላ ግን መኪናህን አስነሥተህ በሩብ ሰዓት ደረስህ።

ደግሞ ስለ መርከቡ ትልቅነት ተናግረሃል። ትልቅነት ደኅንነት አይደለም። ከባልቲሞር ስትወጡ በዚያ በፈረሰው ድልድይ ሥፍራ ታልፋላችሁ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከእናንተው መርከብ የሚተልቅ የጭነት መርከብ መብራቱና ኃይሉ ጠፍቶበት፣ መሪውን መቆጣጠር አቅቶት ምሰሶውን ገጭቶ ድልድዩን ጣለው፤ በላዩ ሲሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞችም ሞቱ። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ፣ ያ ሁሉ ብረት በፈሳሽ የሚነዳ ግንድ ነው። ይህን የምለው ላስፈራራህ አይደለም፤ ባሕረኛ መርከብ ላይ በወጣ ቁጥር በልቡ የሚይዘው ነገር ስለ ሆነ ነው።

አባት፦ እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ከደጁ ባልወጣ ነበር።

ባሕረኛው፦ ውጡ፤ ግን ዐውቃችሁ ውጡ። እስኪ ልጂቱን አቀብለኝ። ስንት ትመዝናለች አሁን?

እናት፦ ሰባት ኪሎ፣ ጋሼ። ባለፈው ሳምንት ስድስት ወር ሞላት።

ባሕረኛው፦ ተመልከት እንግዲህ። ከ15 ኪሎ በታች ላለ ሕፃን የሚሠራው የሕይወት አድን ሰደርያ ከልጆቹም ከዐዋቂዎቹም የተለየ ነው። ከማጅራቷ በስተ ኋላ ወፍራም ትራስ አለው፤ በውኃ ውስጥ ፊቷን ወደ ሰማይ የሚገለብጣት እርሱ ነው። በዚህ፣ በእግሮቿ መካከል የሚያልፍ ጠፍር አለ፤ እርሱ ካልታሰረ ሕፃን ከሰደርያው ሥር ሾልኮ ይወርዳል፣ ሰደርያው ብቻውን ይንሳፈፋል። ከጎኑም ከዐዋቂ ጋር የሚያያይዝ ገመድ አለው። አየህ፣ እጄን ብቻ ሳደርግባት እንዴት እንደ ተቈጣች? በመጀመሪያው ቀን፣ መርከቡ ገና ከገመዱ ሳይፈታ፣ ይህን ሰደርያ ከክፍል አስተናጋጃችሁ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ በሌሊት በጨለማ ሳይሆን በቀን በብርሃን፣ እርስዋ እያለቀሰች፣ ሁለታችሁም ተራ በተራ አልብሷት። የመሰብሰቢያ ሥፍራችሁንም ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ዛሬ በብዙ መርከብ ላይ ልምምዱ በስልክ ፊልም አይቶ፣ ወደ መሰብሰቢያው ብቅ ብሎ የመመለስ ነገር ሆኗል፤ ይበቃናል አትበሉ፤ ከክፍላችሁ እስከዚያ ድረስ ልጂቱን ታቅፋችሁ በደረጃ ሂዱ፤ አሳንሰሩ በአደጋ ሰዓት አይሠራምና።

አባት፦ እርስዎ የሚቃወሙ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን የሚያስታጥቁን ይመስላል።

ባሕረኛው፦ መቃወሜን አልተውሁም። በ«ታይታኒክ» ላይ ከተሳፈሩት ሁሉ በዕድሜ ታናሽዋ ሁለት ወር ያህል የሆናት ሕፃን ነበረች፤ ሚልቪና ዲን ትባላለች። በሦስተኛው ማዕርግ ከወላጆቿና ከወንድሟ ጋር ወደ አሜሪካ የምትሰደድ ነበረች። እርስዋና እናቷ ወንድሟም ተረፉ፤ አባቷ ቀረ። ከተረፉት ሁሉ መጨረሻ የሞተችውም እርስዋው ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም.። 97 ዓመት ኖረች፤ ስለዚያች ሌሊት ሲጠይቋት ግን አንዲት ነገር አታስታውስም ነበር። ሕፃን አያስታውስም ስልህ ይህን ማለቴ ነው፤ የማያስታውሰው ነገር አባቱን ሊወስድበት ይችላል።

አባት፦ ያ መርከብ ከሰጠመ በኋላ ነው እኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ዓ.ም. በባሕር ላይ ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት የመጀመሪያው የመንግሥታት ስምምነት የተፈረመው። «ኮስታ ኮንኮርዲያ» እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ዓ.ም. በጣሊያን ዳርቻ ተገልብጦ 32 ሰዎች ሲሞቱ ደግሞ፣ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው እንዲሆን ተደነገገ። ከሃያ አራት ሰዓት በላይ በሚሆን ጉዞ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን በልኩ የተሠራ ሰደርያ በመርከቡ ላይ መኖር ግዴታ ነው። ልጃችን ጡት የምትጠባ ብትሆንም እንደ አንድ ሰው የምታስከፍለን፣ በአልጋውም በጀልባውም ቁጥር ውስጥ እንደ አንድ ሰው ስለምትቆጠር ነው። ባሕሩ አልተለወጠም፤ ስለ ባሕሩ ያለው ሕግ ግን ከዚያች ሕፃን ዘመን ወዲህ ብዙ ተለውጧል።

ባሕረኛው፦ ሕጉ ስለ መስጠም ነው። እኔን ከመስጠም ይልቅ የሚያሳስበኝ ትንሹ ነገር ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ሲበላ፣ በአንድ መወጣጫ እጁን ሲያሳርፍ፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ያ ቫይረስ፣ ኖሮቫይረስ የሚሉት፣ በአንድ ሌሊት ከላይ እስከ ታች ይዳረሳል። በየበሩ የሚያስቀምጡት የአልኮል ቅባት ደግሞ ለእርሱ እምብዛም አይደለም፤ የሚያስወግደው ሳሙናና ውኃ ነው። ዐዋቂ ሦስት ቀን ታሞ ይነሣል፤ ሕፃን ግን ፈሳሹ ቶሎ ያልቃል፤ ምላሷ ሲደርቅ፣ ዳይፐሯ ሳይርስ ሲውል፣ ስታለቅስ እንባ ሲታጣ፣ ሰዓት የሚቆጠርበት ነገር ነው።

አባት፦ ይህን ሳላጣራ አልመጣሁም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ መርከቦችን ሳያስታውቅ እየገባ ይመረምራል፤ ከመቶ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ እንደ ወደቀ ይቆጠራል፤ ውጤቱንም ማንም ሰው ማንበብ ይችላል። በዚሁ አገር ከሚመዘገበው የኖሮቫይረስ ወረርሽኝ ሁሉ በመዝናኛ መርከብ ላይ የሚነሣው አንድ ከመቶ ብቻ ነው። የሚበዛው በጤና ተቋማት፣ በምግብ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት መዋያ ነው፤ ልጃችንም በየቀኑ የምትውለው በሕፃናት መዋያ ነው። በመርከብ ሲሆን ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በመዋያው ሲሆን ግን «ሆዷን አሟታል» ተብለን ተጠርተን እንወስዳታለን። ዳይፐር የታጠቀ ሕፃን ወደ መዋኛ ገንዳው እንዳይገባ የሚከለክለውም ይኸው የጤና ሥርዓት ነው።

ባሕረኛው፦ ስለ ወረቀታችሁም ልጠይቅ። ልጂቱ ፓስፖርት አላት?

አባት፦ የልደት የምስክር ወረቀቷ ይበቃል ተባልን። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው በሚመለስ መርከብ ላይ፣ ዜጋ ለሆነ ሕፃን ፓስፖርት አይጠየቅም።

ባሕረኛው፦ በመርከብ ሄዳ በመርከብ ከተመለሰች ይበቃል። ነገር ግን ቤርሙዳ ላይ ታማ ወደ ሆስፒታል ብትገባና መርከቡ ትቶአችሁ ቢሄድ፣ ወደ ቤታችሁ የምትመለሱት በአውሮፕላን ነው፤ ለአውሮፕላን የልደት ወረቀት አይበቃም። ፓስፖርቷን ሳታወጣ እንዳትሄድ። ታማሚን ከባሕር ላይ የማንሣቱን የሕክምና ወጪ የሚሸፍን መድንም ሳትገባ እንዳትሄድ፤ በዚህ በየብስ የሚሠራላችሁ የጤና ኢንሹራንስ በባሕር ላይ መሥራቱን በጽሑፍ ጠይቅ።

አባት፦ ይህን አላሰብሁትም። እሺ።

ባሕረኛው፦ እንግዲህ ቅድም ወዳቆየነው እንመለስ፤ አንቺ ልጄ፣ እስካሁን ዝም ብለሻል። ማን አሳደዳችሁ ብዬ ነበር።

እናት፦ ድካም፣ ጋሼ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። እኔ በእናቴ አገር ብወልድ ኖሮ ሰማንያ ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወርድም ነበር፤ ገንፎውን የምታገነፋ ጎረቤት፣ ልጂቱን የምታጥብ አክስት፣ «አንቺ ተኚ» የምትል ሴት አላጣም ነበር። እዚህ የወለድሁ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ልብስ ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው ሥራውን ትቶ ሊቀመጥ አይችልም ነበርና አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. የወጣው የዚህ አገር ሕግ ለወላድ 12 ሳምንት ይፈቅዳል፤ ያውም ያለ ደመወዝ ነው። ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለቀ በማግሥቱ በምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የሌሎችን እናቶች ልጆች ሳነሣ፣ ጡቴ ወተት እያፈሰሰ ልብሴን ያረጥበው ነበር። ልጄ ጥርስ ማብቀሏን የሰማሁት በስልክ ነው፤ በመዋያው ያለችው ሴትዮ በማንኪያ ስትመግባት ማንኪያው «ቂው» ሲል ሰማች። እኔ የማታ ሠራተኛ ነኝ፤ እርሱ የቀን ነው፤ ሦስታችንም ነቅተን በአንድ ገበታ የተቀመጥነው መቼ እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ፣ የገና ዕለት ነው። መርከቡ ላይ የምፈልገው ባሕሩን አይደለም። ሰባት ቀን ልጄ ፊቴን በፀሐይ ብርሃን እንድታየው ነው የምፈልገው፤ ድስት ሳልጥድ፣ ሰው ሳልጠብቅ፣ «ተረኛ ጎድሎብናልና ነይ» የሚል ስልክ ሳላነሣ።

ባሕረኛው፦ ስለዚህ ነገር የምመልሰው ቃል አጥሮኛል። ሆኖም ያንኑ ሰባት ቀን በራችሁን ዘግታችሁ በቤታችሁ ብታሳልፉትስ? ገንዘቡም ይተርፋል፤ ሐኪሙም በሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

እናት፦ ሞክረነዋል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አምስት ቀን ተቀመጥሁ። የመጀመሪያውን ቀን ቤት አጸዳሁ፤ በሁለተኛው «ፈቃድ ላይ ነሽ አሉ» ብለው እንግዶች መጡ፤ በሦስተኛው ከሥራ ተደወለና እምቢ ማለት አቃተኝ። ቤቴ ማረፊያዬ አይደለም፤ ሁለተኛው የሥራ ቦታዬ ነው። በመርከብ ላይ ግን ብጠራም መሄድ አልችልም። እርስዎ የመርከብ ጉዳት አድርገው የቆጠሩት፣ ከየብስ የሚያርቀን ያ 15 ሰዓት፣ ለእኔ ዕረፍቴ እርሱ ነው።

ባሕረኛው፦ እንግዲያው የመጨረሻውን ልናገር፤ ይህን ከተናገርሁ በኋላ ሌላ የለኝም። በዚያ መርከብ ላይ አልጋሽን የምታነጥፍልሽ፣ የሕፃኗን አልጋ ተሸክማ ወደ ክፍልሽ የምታመጣልሽ፣ ልጅሽን አይታ ፈገግ የምትል ሴት፣ ከፊሊፒንስ ወይም ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጣች፣ የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ ለስድስትና ለዘጠኝ ወር ውል የፈረመች ትሆናለች። ዓለም አቀፉ ሕግ እንኳ እስከ ዐሥራ አንድ ወር ድረስ በተከታታይ እንድትቆይ ይፈቅዳል። አንቺ ከልጅሽ ጋር ሰባት ቀን እንድትውዪ፣ እርስዋ ከልጇ ተለይታ ዘጠኝ ወር ትውላለች። ከአንዲት እናት ላይ የተነሣውን ሸክም ሌላይቱ እናት ከተሸከመችው፣ ሸክሙ አልወረደም።

እናት፦ ጋሼ፣ ይህን ለእኔ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ዝም እል ነበር፤ እርስዎ ስለ ሆኑ ግን እመልሳለሁ። እናቴ ቤይሩት ለስድስት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ እኔ ከአያቴ ጋር ነው ያደግሁት። የዚያን ቤት ልጅ አቅፋ የተነሣችው ፎቶግራፍ ወደ እኛ መጥቶ ነበር፤ አያቴ በግድግዳ ላይ አልሰቅለውም ብላ በሣጥን ደበቀችው፤ እኔ ግን ማታ ማታ አውጥቼ አየው ነበር። ያን ልጅ ለረጅም ጊዜ ጠላሁት። አድጌ እናቴን ስጠይቃት ምን አለችኝ? ከሁሉ የሚከብዳት ሥራው አልነበረም፤ ስሟን የማይጠሯት መሆናቸው ነበር። አንዲት ጎረቤት ብቻ በስሟ ትጠራት፣ «ልጅሽ ደኅና ናት ወይ?» ብላ ትጠይቃት ነበር፤ በየበዓሉም በእጇ ላይ ገንዘብ ታኖርላት ነበር። የእኔ የትምህርት ቤት ጫማ ከዚያ ገንዘብ ተገዝቷል። ያች ጎረቤት «ይህ ግፍ ነውና አልነካካም» ብላ በሯን ብትዘጋ ኖሮ፣ እናቴ ወደ እኔ አንድ ቀን እንኳ ቀድማ አትመለስም ነበር። እኔ መርከቡ ላይ ብወጣ፣ የዚያችን ሴት ስም በመጀመሪያው ቀን እጠይቃለሁ። ሸክሟን አላወርድላትም፤ ያን አውቃለሁ።

ባሕረኛው፦ አላወቅሁም ነበር። ስለ እናትሽ ማለቴ ነው።

አባት፦ ለእኔም ይህን ያህል አልነገረችኝም ነበር።

ባሕረኛው፦ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ የጊዜው ነገር። ዓመት እስክትሞላ ብትቆዩስ? የኩፍኝ ክትባት በዚህ አገር የሚሰጠው ከዐሥራ ሁለተኛው ወር በኋላ ነው፤ በዘጠኝ ወሯ ያለ እርሱ ከብዙ አገር ሰው ጋር ትቀላቀላለች።

አባት፦ ዓመት ስትሞላ ደግሞ ትሄዳለች፤ የሚሄድ ልጅ በመርከብ ላይ፣ በደረጃውና በበረንዳው መካከል፣ ከሚድኸው ይልቅ አያስፈራም ወይ?

ባሕረኛው፦ ያስፈራል። ስለዚህም ነው በረንዳ ያለው ክፍል እንዳትወስዱ ልነግራችሁ የነበረው።

እናት፦ የክትባቱ ነገር መፍትሔ አለው ይላሉ፤ ወደ ውጭ አገር ለሚጓዝ ሕፃን ከስድስተኛው ወር ጀምሮ አንድ መርፌ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ያ ግን ከኋለኞቹ ከሁለቱ ጋር አይቆጠርም፤ ዓመት ሲሞላት እንደ አዲስ ትጀምራለች። ያን ተጨማሪ መርፌ ለእኔ ዕረፍት ብዬ ልውጋት ወይ የሚለውን ገና ለራሴ አልመለስሁም። የስድስት ወር ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ ገንዘባችን ሳይቀር ሐሳባችንን የምንለውጥበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዐርብ ነው።